ቴስት መቼ ይጻፍ? ከኮዱ በፊት ወይስ ከኮዱ በኋላ?

ይህን የውይይት ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ረዝሟል። መጨረሻ ላይ የሚገባ ሰው ሁሉ የተመለሰ ጥያቄ እየደገመ ስላስቸገረ ምላሾቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል አስቀምጣቸዋለሁ። የሚመስለኝንም በየመሃሉ ጣል አደርጋለሁ።

የመነሻው ጥያቄ

ጥያቄውን ያነሳችው የፔሮል (የደመወዝ ስሌት) ሶፍትዌር የሚሠራ የአምስት ሰው ቡድን መሪ ናት። ደንበኞቻቸው ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር ማሻሻያው ሲጸድቅ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም ተቀየሩ። ኮዱን ለማስተካከል ሲከፍቱት አንድም አውቶማቲክ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ፣ የለውም። የነካኩት ነገር ሌላ ቦታ ምን እንደሚያበላሽ የሚነግራቸው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ለሦስት ተከፍሏል። አንዱ ባልደረባዋ ከእንግዲህ ቴስት ሳይጻፍ ኮድ አይጻፍም ባይ ነው። ሌላው ፊቸሩ (የሚጨመረው አዲስ ተግባር) ሲረጋጋ ይደርሳል ይላል። አለቃቸው ደግሞ መጀመሪያ ለደንበኛው እናስረክብ፣ ቴስቱ ከዚያ በኋላ ይታያል ብለዋል። ማንን ትስማ? ጥያቄዋ ይሄው ነው። በጣም በትህትና ነው የጠየቀችው፤ የመጀመሪያዎቹ መላሾችም በዚያው መንፈስ ነው የመለሱላት።

ምላሽ 1

ይሄ ሰው አልተጠራጠረም። ቴስት ሁልጊዜ ከኮዱ ይቀድማል ባይ ነው። አካሄዱንም ዘርዝሯል። መጀመሪያ የሚወድቅ ቴስት ይጻፋል። ቀጥሎ ቴስቱን ለማሳለፍ የሚበቃ ኮድ ብቻ ይጻፋል። ከዚያ ኮዱ ይጸዳል፤ ቴስቱም እንደገና ይሮጣል። አንዱ ዙር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ቴስቱ መጀመሪያ ላይ ሲወድቅ በዓይን መታየት እንዳለበት አጥብቆ ጽፏል። ወድቆ የማያውቅ ቴስት እውነት የሆነ ነገር ይፈትን አይፈትን አይታወቅማ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የመጣ ፋሽን ነው ለሚሉት መልስ ሳይሰጥ ማለፉ ግን ቀጣዩን ሰው አላስደሰተም።

ምላሽ 2

ታሪኩን አሟላ። ቴስት ማስቀደም በእነ ኬንት ቤክ (አሜሪካዊው የሶፍትዌር መሐንዲስ) ቡድን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይሠራበት እንደነበር አስታወሰ። ጄዩኒት የሚባለውን የጃቫ ቴስት መሣሪያ ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ፣ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብለው ነው። ዛሬ በብዙ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የምናያቸው የቴስት መሣሪያዎች የዚያ ዘሮች ናቸው። ይሄው ሰው ሌላም ነገር ጨምሯል። ኬንት ቤክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ ሲጽፍ፣ የሚከፈለው ለሚሠራ ኮድ እንጂ ለቴስት እንዳልሆነ፣ የሚያስፈልገውን መተማመን ለማግኘት የሚበቃውን ያህል ብቻ እንደሚፈትን ተናግሯል። ስለዚህ 1 ቁጥር ሁልጊዜ የሚለውን ቃል ቢያለዝበው መልካም ነው ባይ ነው።

ምላሽ 3

የስታርታፕ ልጅ ናት። እሷ የምትሠራው አፕ አንድ ስክሪን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቴ ይገለባበጣል። ደንበኛው አይቶ ካልነካው የሚፈልገውን አያውቀውም። እንዲህ ባለ ቦታ ቴስት ማስቀደም ማለት የሚጣል ነገር መጻፍ ነው ትላለች። ሞክራዋለች። ቴስቱን ማስተካከል ኮዱን ከማስተካከል በላይ ጊዜ በላባት። የሩቢ ኦን ሬይልስ ፈጣሪ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ቴስት ማስቀደምን ሲነቅፍ ያነሳቸውን ነጥቦችም አስታውሳለች፤ በዚያው ዓመት ከኬንት ቤክና ከሶፍትዌር መጻሕፍት ደራሲው ከማርቲን ፋውለር ጋር ተቀምጠው በቪዲዮ መነጋገራቸውንም። ጥሩ ውይይት ነበር። አንዳቸውም ሌላውን ጨርሶ አላሳመኑም።

ምላሽ 4

ባጭሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ያ የሚገለባበጥ ስክሪን ደንበኛው ሲወደው ምን ይሆናል? በቀጥታ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች እጅ) ይገባል ወይስ አንድ ሰው ተመልሶ ቴስት ይጽፍለታል? 3 ቁጥር መልስ ሳትሰጥ ቆየች። ወደ መጨረሻው ተመልሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም እንደማይመለስ በግልጽ ተናግራለች። እኔ ይሄን በጣም አከብርላታለሁ።

ምላሽ 5

ከዚህ ምላሽ በኋላ ነው ውይይቱ ጥያቄውን በደንብ የያዘው። ጸሐፊዋ ድሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ዴቨሎፐር ናት። ፔሮል ለ3 ቁጥር ስክሪን ፍጹም ተቃራኒ ነው ትላለች። መልሱ ኮድ ከመኖሩ በፊት ይታወቃል፤ ሕግ ነውና። በአዲሱ ሰንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ ማንም ሰው ኮምፒውተር ሳይከፍት ወረቀት ላይ መሥራት ይችላል። ለ2,000 ብር ዜሮ። ለ2,001 ብር 15 ሳንቲም። ለ4,000 ብር 300 ብር። ለ7,000 ብር 900። ለ14,000 ብር 2,850። ይቺ ሰንጠረዥ ራሷ ቴስት ናት። ሒሳብ ክፍል ካለ እነሱ ይሙሏት፤ ዴቨሎፐሩ ከዚያ ኮዱን ይጻፍ።

ጁኒየሮች ላይ ደጋግማ ያየችውንም ስህተት አሳይታለች። 15 በመቶውን በእርከኑ ላይ በማስላት ፈንታ በሙሉ ደመወዙ ላይ ያሰሉታል። ያኔ 2,001 ብር የሚያገኝ ሰው 15 ሳንቲም መክፈል ሲገባው 300 ብር ከ15 ሳንቲም ይቆረጥበታል። አንድ ብር ደመወዝ ተጨመረለትና 300 ብር ጎደለበት ማለት ነው። ይሄን ዴቨሎፐሩ ስክሪን ላይ ላያየው ይችላል። ሠራተኛው ግን ደመወዙን ሲቀበል ያየዋል።

ምላሽ 6

5 ቁጥርን ደግፎ አንድ ነገር አረመ። እሷ በየድንበሩ መፈተን ይበልጣል የሚለውንና ይበልጣል ወይም እኩል ነው የሚለውን ምልክት ማምታታት ይይዛል ብላ ነበር። አይይዝም ይላል። በአቋራጩ ስሌት ሙሉ ደመወዙ በእርከኑ መቶኛ ይባዛና ለእርከኑ የተወሰነ ተቀናሽ ይነሳለታል። 4,000 ብርን በ15 በመቶ አስልቶ 300 የሚቀንስ፣ 300 ብር ያገኛል። በ20 በመቶ አስልቶ 500 የሚቀንስም 300 ብር ያገኛል። ድንበሩ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። እዚያ ቦታ የሚደበቀው ስህተት ሌላ ነው። ተቀናሹን 500 በማለት ፈንታ 550 ብሎ የጻፈ ሰው 4,000 ላይ ምንም አይታይበትም፤ 4,001 ላይ ግን ግብሩ በ50 ብር ገደማ ወርዶ ይገኛል። ስለዚህ 4,000 እና 4,001 ጎን ለጎን ይፈተኑ፤ ልዩነታቸው 20 ሳንቲም ብቻ መሆን አለበት። ገንዘቡም በአስርዮሽ ሳይሆን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይያዝ። 5 ቁጥር እርማቱን በምስጋና ተቀብላለች። በዚህ ክር ውስጥ ጠቃሚው ልውውጥ ለኔ ይሄ ነው።

ምላሽ 7

ይሄኛው ከሥራ ገጠመኙ ጻፈ። የሠሩት አፕ የስልክ ቁጥር የሚቀበለው በ09 ከጀመረ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ፤ አፑም አልቀበልም ብሎ መለሳቸው። ቴስት አልነበረም እንዳይባል ነበር። ቴስቱ የተጻፈው ኮዱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው፤ የጻፈውም ሰው ኮዱን እያነበበ ነው። ኮዱ በ07 የሚጀምር አይቀበልም፣ ቴስቱም በ07 የሚጀምር መመለስ አለበት ይላል። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አለፈ። ኮዱን ሊያስተካክል የገባው ልጅ ቴስቱ ሲወድቅበት ደነገጠ። ይሄ የደንበኛው ትእዛዝ ነው ወይስ የአንድ ሰው ግምት? የሚነግረው አጣ። በዚህም ምክንያት የአንድ መስመር ለውጥ ቀናት ወሰደ።

ምላሽ 8 እና 9

8 ቁጥር ትልቅ ምሳሌ ይዞ መጣ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማጣቱን አንስቶ፣ ቴስት ቢቀድም ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር አለ። 9 ቁጥር አላለፈውም። እዚያ የሆነው አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን መቅረቱና የቆየ፣ ከሥራ የወጣ ኮድ መነሳቱ ነው። ቴስት ምንም ያህል ቢቀድም ሰርቨር ላይ መጫኑን አያረጋግጥም። ምሳሌ ከተፈለገ አሪያን 5 ሮኬት ይሻላል ብሎ አሪያንን አመጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ከተነሳ ከ40 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጠፋ። ሶፍትዌሩ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር፤ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባ አለ። ያ ሶፍትዌር በአሪያን 5 የበረራ መንገድ አልተፈተነም ነበር። ኮዱ ያው ነው፤ የተቀየረው ዙሪያው ነው። የፔሮሉም ጉዳይ ይሄንኑ ይመስላል ይላል፤ ኮዱን ማንም ሳይነካው ሕጉ ተቀየረ።

ምላሽ 10

እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። የፍሪላንስ ሠራተኛ ነው። ስለ ሮኬትና ስለ አሜሪካ ኩባንያ የሚያወራ ሰው ዴድላይን የሌለበት ነው አለ። የእሱ ደንበኛ ሥራውን አርብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡን የሚለቀው ካየ በኋላ ነው፣ ለቴስት የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ አይቶ አያውቅም። ቴስት የሀብታም ኩባንያ ወግ ነው ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 11

የመለሰችለትም አልራራችለትም። የእሱ ዓይነት ሠራተኛ ትቶት የሄደውን ኮድ ሁለቴ ተረክባ ከዜሮ ጀምራለች። ደንበኛው መጨረሻ ላይ ለሁለት ሰው ነው የከፈለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለሱ የተነገረ እንደሆነም ጻፈችለት። 10 ቁጥር በስድብ መለሰ፤ ያኛው ተሰርዟል፤ እኔም እዚህ አልደግመውም። ስለ ክፍያ ያነሳው ነገር ግን እውነት ነው። ቴስት መቼ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ዋጋው ውል ውስጥ ይገባል ወይ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። ተናዶ ስለተናገረው ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

ምላሽ 12

ጋሼ የምንላቸው፣ ባንክ ውስጥ ብዙ ዘመን የሠሩት አባላችን ገቡ። ልጆቼ ብለው ጀመሩና ሁለቱንም አበረዱ። እሳቸው በፊትና በኋላ የሚለው ክርክር ገና ለሚጻፍ ኮድ ብቻ የሚሆን ነው ይላሉ። እሳቸው የሚሠሩበት ኮድ ከአንዳንዶቻችን ዕድሜ ይበልጣል፤ የጻፉት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል። እንዲህ ያለውን ሲነኩ የመጀመሪያው ሥራ ኮዱ ዛሬ የሚሠራውን እንዳለ፣ ከነስህተቱ፣ በቴስት መመዝገብ ነው። ወለድ እንዴት እንደሚያጠጋጋ፣ የወር መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይነካል። ልክ ይሁን አይሁን ሌላ ቀን ይጠየቃል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ ድሮ የተናገረውንም አስታውሰዋል፤ ቴስት ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን አያሳይም። 10 ቁጥር ለጋሼ ይቅርታ ጠየቀ። ለ11 ግን አልጠየቀም።

ምላሽ 13 እስከ 16

እዚህ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 13 ቁጥር የጋሼን የወር መጨረሻ ሰምቶ የኛን የዘመን አቆጣጠር አነሳ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 በሚያደርጉበት ዓመት ነው ብሎ ስለጻፈ 14 ቁጥር አረመው። በኛ ዓመተ ምሕረት ለ4 ተካፍሎ 3 የሚተርፈው ዘመነ ሉቃስ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። የ2015 ጳጉሜን 6 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ዋለች፤ የ2016 እንቁጣጣሽም በማግስቱ ሴፕቴምበር 12 ሆነ። ፈረንጆቹ ቀን የሚጨምሩት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ፌብሩዋሪ ነው። ቀን የሚለውጥ ኮድ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ቀኖች ቴስት ውስጥ ሳያስገባ ባይጀምር ይመረጣል። 15 ቁጥር ደግሞ ሰዓት አነሳ። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀጠረን ስብሰባ ካሌንደሩ በፈረንጆቹ ሌሊት 3 ሰዓት አድርጎበት፣ ዲሲ ያለው ባልደረባው ብቻውን ሲጠብቅ ቆይቷል። 16 ቁጥር ከዚያ ተነስቶ በዶላር ስለሚከፍሉ የርቀት ሥራዎች ጠየቀ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። እሱን አልፈዋለሁ።

ምላሽ 17

ይሄኛው የኔ ነው። ክሩን ለመመለስ ብዬ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ 3፣ 5፣ 7 እና 12 እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። ጥያቄው ትክክለኛው መልስ ከየት ነው የሚመጣው የሚል ነው። መልሱ ከኮዱ ውጪ ካለ፣ ከሕግ፣ ከካሌንደር፣ ከውል፣ ቴስቱ ይቅደም፤ ኮዱን ካየን በኋላ ዓይናችን ኮዱ ያለውን ማመን ይጀምራልና። መልሱ ገና እየተፈለገ ከሆነ ኮዱ ይቅደም፤ ግን መልሱ የተገኘ ዕለት፣ መርጅ ሳይደረግ (ከዋናው ኮድ ጋር ሳይቀላቀል)፣ ቴስቱ ይጻፍ። የድሮ ኮድ ከሆነ የጋሼ መንገድ ነው። ካስረከብን በኋላ የሚለውን የአለቃዋን ሐሳብ ግን በምንም መንገድ አልደግፍም። ካስረከቡ በኋላ ጊዜው ለሚቀጥለው ሥራ ነው። 3 ቁጥርም የመሰከረችው ይሄንኑ ነው።

ምላሽ 18 እና 19

18 ቁጥር ይሄ ሁሉ ክርክር ጊዜው አልፏል አለ። አሁን ኤአይ ኮዱን አንብቦ በደቂቃ ውስጥ መቶ ቴስት ይጽፋል፤ በፊትም በኋላም ልዩነት የለውም። 19 ቁጥር በቀጥታ 7ን ጠቀሰለት። ኮዱን አንብቦ የሚጻፍ ቴስት ኮዱ የሚለውን ይደግማል፤ የሚያነበው ሰውም ሆነ ኤአይ። በ07 የሚጀምር ቁጥር የሚመልስ ኮድ ስጠው፣ መመለሱን የሚያረጋግጥ ቴስት ሊሰጥህ ይችላል። ኤአይን መጠቀም ከፈለግህ ኮዱን ሳይሆን አዋጁን ስጠው፤ ያወጣውን ሰንጠረዥ ደግሞ አንተ በእጅህ አስላው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጊዜ ይቆጥባል። ልክ የሚሆነውን መወሰን ግን የሰው ሥራ ነው።

ምላሽ 20 እና 21

20 ቁጥር ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ አነሳ። የቴስት ኮዱ ከራሱ ከዳታቤዙ ኮድ 590 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ስልካችን ውስጥ ሁሉ ያለ ነገር ስለሆነ ይገባዋል፤ የአምስት ሰው ቡድን ግን እሱን አይቶ ተስፋ እንዳይቆርጥ መከረ። 21 ቁጥር ስለ ፍጥነት ተናገረ። ቴስቶቹ ለመሮጥ ግማሽ ሰዓት ከፈጁ፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ ማንም አይጠብቃቸውም። በየላፕቶፑ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሮጡት ይብዙ፤ ዳታቤዝና ኔትዎርክ የሚነኩት ይነሱ። አንዳንዴ የሚያልፍ አንዳንዴ የሚወድቅ ቴስት ካለ ደግሞ ወዲያው ይስተካከል ወይም ይውጣ። ሰው አንዴ ቀዩን (የወደቀውን) ችላ ማለት ከለመደ ሌሎቹም ዋጋ ያጣሉ።

ምላሽ 22

አጭር ናት፤ ግን ብዙ ድጋፍ ያገኘችው እሷ ናት። በፊት ወይስ በኋላ ብሎ መስማማት ያልቻለ ቡድን በአንድ ነገር ይጀምር ትላለች። ባግ (የኮድ ስህተት) ሲመጣ፣ ከመስተካከሉ በፊት፣ ባጉን የሚያሳይ ቴስት ይጻፍ። ሲወድቅ ይታይ። ከዚያ ኮዱ ይስተካከል፤ ቴስቱም ይለፍ። 1 ቁጥር በዚህ ደስ አለው፤ መጀመሪያ ሲወድቅ ይታይ ያለው እሱ ነበር። 10 ቁጥርም ይሄን እንኳን አርብ ለማስረክበው ሥራም እችለዋለሁ ብሎ ጻፈ።

ምላሽ 23

ጠያቂዋ ተመልሳ ሁላችንንም አመሰገነች። ጋሼን ለብቻቸው። ከቡድኗ ጋር ተነጋግረው ወስነዋል። ግብር፣ ጡረታና ቀን የሚያሰላው ክፍል ቴስቱ ከኮዱ ይቀድማል። የሪፖርትና የስክሪን ቴስት ከፑል ሪኩዌስቱ (ኮዱ ይቀላቀል ተብሎ ከሚቀርበው ጥያቄ) ጋር አብሮ ይመጣል፤ ያለሱ መርጅ የለም። የ22 ቁጥርን ሐሳብ ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም ሥራ ይጀምራሉ። አለቃቸው ግን የተስማሙት በግብሩ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረውን ከሚቀጥለው ማስረከቢያ በኋላ እናያለን ብለዋል። እሷም እንደሚያዩት እርግጠኛ አይደለችም። የ5 ቁጥርን ሰንጠረዥ ከሒሳብ ሠራተኛቸው ጋር አስፍታ እዚሁ ለጥፋዋለች፤ የጎደለ ካለ ንገሩኝ ብላለች።

ምላሽ 24

6 ቁጥር ነው ተመልሶ የመጣው። ሰንጠረዡን አይቶታል። 10,000 አለ፣ 10,001 የለም። ለ10,001 ብር 1,650 ብር ከ30 ሳንቲም መሆን እንዳለበት አስልቶ ጻፈላት። ለ14,001ም እንዲሁ ይጨመር ብሏል፤ እሱን ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ታስላው።